ነፍስ ወይስ አፈር? የኮሪያ ነባር ጥበብ ታሪክ ሲዳሰስ

ስለ ኮሪያ ነባር ጥበብ የተጻፈ አንድ ሁለት መጽሐፍ ያገላበጠ ሰው ሦስት ቃላት ሳይገጥሙት አይቀሩም፦ ቀላልነት፣ ተፈጥሯዊነት፣ ሐዘን። ቃላቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት ከአንድ ፎቶግራፍ ጋር ነው፤ ነጭ፣ ክብ፣ ጌጥ የሚባል ነገር ያልነካው፣ ወገቡ ላይ ትንሽ የተንጋደደ ትልቅ ማሰሮ። ኮሪያውያን «ዳልሃንጋሪ» ይሉታል፤ የጨረቃ ማሰሮ። ያምራል፤ በዚህ አልከራከርም። የምከራከረው ማሰሮው ለአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ጥበብ ቃል አቀባይ ሆኖ መሾሙን ነው። ማን ሾመው? መቼ? ከሱ በፊት የነበረው ወርቅና ቀለምስ የት ገባ? (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የተራኪዎቹን ነገር እናንሳ። የኮሪያን ጥበብ ከጥንት ጀምሮ በአንድ መጽሐፍ ጠቅልሎ የጻፈው የመጀመሪያው ሰው ኮሪያዊ አልነበረም። አንድሬያስ ኤካርት የተባለ ጀርመናዊ የቤኔዲክት ማኅበር መነኩሴ ነው፤ መጽሐፉ በ1929 ወጣ። ከሦስት ዓመት በኋላ ጃፓናዊው የሥነ ሕንፃ ምሁር ሴኪኖ ታዳሺ የራሱን አሳተመ። ኮሪያ ከ1910 እስከ 1945 የጃፓን ቅኝ ግዛት ነበረች፤ ሴኪኖም ብዙውን ጥናቱን ያካሄደው በገዢዎቹ ወጪና ፈቃድ ነው። የሰበሰበው መረጃ ዛሬም ይጠቅማል። ታሪኩ ግን አንድ ረጅም ቁልቁለት ነው፤ ጥበቡ በስምንተኛው መቶ ዘመን ጫፍ ደረሰ፣ ከዚያ እየወረደ መጥቶ በጆሰን ሥርወ መንግሥት (1392–1910) ደረቀ ይለናል። የሌላውን አገር ለያዘ ገዢ ከዚህ የሚመች ትረካ አይገኝም፤ የተረከብነው የወደቀ ቤት ነው ለማለት ያስችላል።

ከሁሉም ይበልጥ ስሙ የሚነሳው ግን ያናጊ ሙኔዮሺ ነው። ይህ የቶኪዮ አሳቢ በኮሪያ ዕቃ የተያዘው በ1914 አሳካዋ ኖሪታካ የተባለ ወዳጁ አንድ ትንሽ የጆሰን ሸክላ ይዞለት በመጣ ጊዜ ነው። በ1916 አገሪቱን አየ። በ1919 የነፃነት ሰልፈኞች በጥይት ሲበተኑ ከጃፓን ምሁራን መካከል ድምፁን ካሰሙት ጥቂቶች አንዱ ነበር። በዚያ የስሜት ግለት ውስጥ ነው ዝነኛውን ቀመር የጻፈው፦ የቻይና ጥበብ በቅርጽ፣ የጃፓን በቀለም፣ የኮሪያ በመስመር ይለያል፤ መስመሩም የማያቋርጥ ወረራ የደረሰበት ሕዝብ ሐዘን ነው። የኮሪያውያን ነጭ ልብስ ሳይቀር የለቅሶ ልብስ ሆኖ ታየው። ነጭ የለበሰ ገበሬ ገበያ ወጥቶ ሲስቅና ሲከራከር ላየ ሰው አባባሉ ግር ያሰኛል፤ ያናጊ ግን በዚያ ወቅት የሚያየው የተጨቆነውን ብቻ ነበር።

ከነፃነት በኋላ ኮሪያውያን ተቺዎች ቀመሩን የቅኝ ገዢ ርኅራኄ ብለው አወገዙት፤ የተሸነፈውን ያዝንለታል፣ እያዘነለትም ተሸናፊነቱን ተፈጥሮው ያደርግበታል አሉ። ትችቱ ልክ ነው። ይሁንና ሰውየው ከቃላት ያለፈ ሥራ ሠርቷል። በ1922 የሴኡል ቤተ መንግሥት ዋና በር ግዋንግህዋሙን ሊፈርስ መሆኑን ተቃውሞ ጻፈ፤ በሩ ከመፍረስ ተርፎ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። በ1924 ከአሳካዋ ወንድማማቾች ጋር በዚያው ቅጥር ውስጥ የኮሪያን የዕለት ተዕለት ዕቃዎች የሚያሳይ ሙዚየም ከፈተ። የኮሪያ መንግሥትም ከሞተ በኋላ በ1984 የክብር ሜዳይ ሰጥቶታል። ተቺዎቹና ሸላሚው መንግሥት ሁለቱም ስለ አንድ ሰው ነበር የሚናገሩት።

ኮሪያዊው መልስ የመጣው ከኮ ዩሶብ (1905–1944) ነው። በኬሶንግ ከተማ ያለች ትንሽ ሙዚየም ኃላፊ ነበር፤ በ39 ዓመቱ፣ ነፃነት ሊመጣ አንድ ዓመት ሲቀረው ሞተ። ሐዘንን አልተቀበለም። በምትኩ «ስልት አልባ ስልት»፣ «ዕቅድ አልባ ዕቅድ» አለ፤ የኮሪያን ጥበብ ውበትም «ጉሱሃን» በሚል የምግብ ቃል ገለጸው፤ የተቆላ እህል ወይም በዝግታ የፈላ መረቅ ያለውን ጥልቅ ጣዕም ማለት ነው። እነ ቼ ሱኑና ኪም ዎንዮንግ፣ ሁለቱም ኋላ የብሔራዊ ሙዚየሙ ዳይሬክተሮች የሆኑ ሰዎች፣ በዚሁ መስመር ሄደው «ተፈጥሯዊነት» የሚለውን ቃል የመማሪያ መጽሐፍ ቃል አደረጉት። ሐዘን ወጣ፣ ተፈጥሮ ገባ። የጥያቄው አጣጣል ግን አልተለወጠም፤ ሁሉም ከዕቃው ጀርባ አንዲት የማትለወጥ ነፍስ ይፈልጋሉ።

እስቲ ዕቃዎቹን እንጠይቅ።

ከሰሜን እንጀምር። የጎጉርዮ መንግሥት መቃብሮች ውስጣቸው በሥዕል የተሞላ ነው። በ357 የተሠራው የአናክ ሦስተኛ መቃብር ከ250 በላይ ሰው ያለበት የሰልፍ ሥዕል አለው፤ ባለሟሉ፣ ፈረሰኛው፣ ከበሮ መቺው። በኋለኛው የጋንግሶ ታላቅ መቃብር ደግሞ ሠዓሊዎቹ ልስኑን ትተው በድንጋዩ ላይ በቀጥታ ሣሉ፤ እባብና ኤሊ ተጠላልፈው፣ ዘንዶው ሊፈናጠር ሲያደባ። ይህ «ጸጥተኛ» ጥበብ ነው የሚል ካለ ሥዕሉን አላየውም። እርግጥ ብዙ ኮሪያውያንም አላዩትም፤ መቃብሮቹ ያሉት ሰሜን ኮሪያና ቻይና ውስጥ ነው፣ ለደቡብ ኮሪያ ተመራማሪ ከፎቶግራፍ የቀረበ መንገድ እምብዛም የለም።

ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ሺላ መንግሥት ስንወርድ ወርቅ ነው። በ1921 በግዮንግጁ ከተማ የአንድ መጠጥ ቤት ባለቤት ቤቱን ሊያሰፋ አፈር ሲቆፍር የንጉሥ መቃብር ገጠመው፤ የመጀመሪያው የወርቅ ዘውድ ከዚያ ወጣ። የዛፍ ቅርንጫፍና የአጋዘን ቀንድ የመሰሉ ወርቆች ተተክለውበት፣ ነፋስ ሲነካቸው የሚንቀጠቀጡ ቅጠሎችና እንደ ጎበጠ ጥርስ ያሉ አረንጓዴ ድንጋዮች ተንጠልጥለውበታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። የሺላ ሰዎች ንጉሣቸውን የሚቀብሩት በእንጨት ቤት ውስጥ ነበር፤ በላዩ የወንዝ ድንጋይ ይቆልላሉ፣ ከዚያ አፈር። እንጨቱ ሲበሰብስ ድንጋዩ ይናዳል፤ ሌባ ቢቆፍር ይደረመስበታል። ጎረቤታቸው ቤክጄ ግን በር ያለው የድንጋይና የጡብ መቃብር ነበር የሚሠራው፤ በር ያለው ደግሞ ይከፈታል። ስለዚህ የሺላ ወርቅ ሞላ፣ የቤክጄ ጠፋ። ከዚህ ተነሥቶ ሺላን «አንጸባራቂ»፣ ቤክጄን «ለስላሳና ትሑት» ማለት የመቃብር አሠራርን ባሕርይ አድርጎ መውሰድ ነው።

ቤክጄም ሁለት ጊዜ መልስ ሰጥቷል። በ1971 በጎንግጁ የውኃ መውረጃ ሲቆፈር በ523 የሞተው የንጉሥ ሙርዮንግ መቃብር እጅ ሳይነካው ተገኘ። ጋዜጠኛና ሕዝብ ስለ ከበበው በአንድ ሌሊት ተጠራርጎ ወጣ፤ ቁፋሮውን የመራው ከላይ የጠቀስነው ኪም ዎንዮንግ በዚያ ጥድፊያ ዕድሜውን ሙሉ ተጸጽቷል። በ1993 ደግሞ በቡዮ ለመኪና ማቆሚያ በታሰበ ቦታ ጭቃ ውስጥ 61.8 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው፣ በወርቅ የተለበጠ የነሐስ ዕጣን ማጤሻ ወጣ። ከታች ዘንዶ ተሸክሞታል፤ ከላይ ተራራ በተራራ ላይ ተደራርቦ፣ በየተራራው ሰውና አውሬ፣ በጫፉ አሞራ የመሰለ ታላቅ ወፍ። ትሑት የተባለው መንግሥት ሥራ ይህ ነው።

የጎርዮ ዘመን (918–1392) ነገር ይበልጥ ያስተምራል፤ ምክንያቱም ከኮሪያውያን ዓይን ራሱ ጠፍቶ ነበር። አረንጓዴ ሰማያዊው የጎርዮ ሴላዶን ሸክላ በ1123 ለመጣ ቻይናዊ መልእክተኛ እንኳ የሚደነቅ ነበር፤ ሹ ጂንግ ይባላል፣ የሸክላውን ቀለም አገሬው የራሱ ስም እንዳወጣለት ጽፏል። ሸክላ ሠሪዎቹ ገና ያልደረቀውን ጭቃ በጌጥ ይቀርጹና ጉድጓዱን በነጭና በቀይ አፈር ይሞሉታል፤ ሲተኮስ ቀዩ ይጠቁራል፤ በላዩ ግልጹ የብርጭቆ ልባስ ይፈስበታል፤ ሽመላና ደመና ከውኃ በታች ያሉ ይመስላሉ። ነገር ግን ምርጡ ከሙታን ጋር ስለ ተቀበረ ከ1900ዎቹ የመቃብር ዘረፋ በፊት ያየው ሰው ጥቂት ነው። ሲወራ የኖረ አንድ ታሪክ አለ፦ የጃፓኑ ገዢ ኢቶ ሂሮቡሚ ሴላዶን ሲያሳየው ንጉሥ ጎጆንግ «ይህ የየት አገር ነው? እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ የለም» አለ ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን፣ ሊታመን መቻሉ ይበቃል።

የጎርዮ የቡድሃ ሥዕሎች ዕጣም ያው ነው። በሐር ላይ፣ ቀለሙ ከሐሩ ጀርባ ጭምር እየተቀባ፣ ልብሱ በወርቅ መስመር የተጠለፈ እስኪመስል የተሠሩ ናቸው። የተረፉት ወደ 160 ገደማ ሲሆኑ አብዛኞቹ ጃፓን ውስጥ ናቸው፤ ብዙዎቹም ለዘመናት የቻይና ሥራ ተብለው ነበር። በ1978 በናራ አንድ ላይ ለዕይታ ሲቀርቡ ነው ኮሪያዊነታቸው በሰፊው የታወቀው። እንግዲህ ያናጊም ሆነ ኮ ዩሶብ ቀመራቸውን ሲጽፉ እነዚህን ሥዕሎች በአንድነት የማየት ዕድል አልነበራቸውም። አለማየታቸው ጥፋት አይደለም። እኛ ካየን በኋላ ቀመሩን መድገማችን ነው ጥፋቱ።

ታዲያ ነፍስ ካልሆነ ምን? ራሱ ኮ ዩሶብ ጋ እንመለስ፤ የተሻለው ሐሳቡ የተረሳው ነውና። ሰውየው የዕድሜውን ዋና ክፍል ያጠፋው ፓጎዳ የሚባለውን ባለ ብዙ ደርብ የቡድሃ ማማ በመለካት ነው። ቻይና ፓጎዳን በጡብ፣ ጃፓን በእንጨት፣ ኮሪያ በድንጋይ ሠራች አለ፤ ከዚያም ድንጋዩ እንዴት ከእንጨት እንደተማረና እንደተላቀቀ ደረጃ በደረጃ አሳየ። በኢክሳን ያለው የሚሩክሳ ፓጎዳ ድንጋይ ሆኖ እንጨት ለመምሰል ይታገላል፤ ምሰሶ፣ ወራጅ፣ ክዳን ሁሉ አለው። በ2009 ሲጠገን ውስጡ የተገኘ የወርቅ ሰሌዳ በ639 እንደተመሠረተ ገለጠ። በ682 የተሠሩት የጋሙንሳ መንትያ ፓጎዳዎች ትግሉን ይቀንሳሉ። በስምንተኛው መቶ ዘመን በቡልጉክሳ መቅደስ የቆመው ሶክጋታብ ላይ እንጨቱ ተረስቷል፤ ጥቂት ትልልቅ ድንጋዮች፣ ጥርት ያለ ጠርዝ፣ ሌላ ምንም የለም። «ቀላልነት» የምንለው እዚህ ላይ ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀ የጠራቢዎች ትምህርት ውጤት ነው። ግራናይት ለመቅረጽ ያስቸግራል፤ የቀነሰ ያተርፋል።

ያው ግራናይት ሶክጉራም የተባለውን የቡድሃ ዋሻም አስገኘ። ቻይናውያን የቡድሃ ዋሻዎቻቸውን የፈለፈሉት በአሸዋ ድንጋይና በኖራ ድንጋይ ተራራ ነው። የሺላ ሰዎች ዋሻ ፈለጉ፣ ተራራቸው ግን አልፈለፈልም አለ። ስለዚህ በ751 ሥራውን ያስጀመረው አለቃ ኪም ዴሶንግ ዋሻውን ገንብቶ አፈር አለበሰው፤ ድንጋይ በድንጋይ ገጥሞ፣ ክብ አዳራሽ በጉልላት ሸፍኖ፣ በመካከሉ 3.5 ሜትር ያህል ቁመት ያለው ቡድሃ አስቀምጦ። የጥንቱ ታሪክ የጉልላቱ መክደኛ ድንጋይ ሊገጠም ሲል ሦስት ቦታ ተሰነጠቀ፣ ኪም በንዴት እንቅልፍ ሲወስደው አማልክት ሌሊት መጥተው ገጠሙት ይላል። ድንጋዩ ዛሬም ሦስት ቦታ ተሰንጥቆ እዚያው ጉልላት ላይ አለ። ከአማልክቱ በኋላ የመጡት ጠጋኞች ግን ያን ያህል አልተሳካላቸውም፤ በ1913 እና በ1915 መካከል ጃፓናውያን በሲሚንቶ ሸፈኑት፣ ርጥበት ገባ፤ በ1960ዎቹ ሌላ ጉልላት ተጨመረ፤ ዛሬ ቡድሃው በመስታወት ተዘግቶ በማሽን አየር ይኖራል።

ይህን ያህል ስል ነፍስን አውርጄ ድንጋይን ማንገሤ እንዳይሆን፣ ራሴን የሚያሳጣኝን ምስክር ላቅርብ። ከሶክጋታብ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ በዚያው ግቢ፣ በዚያው መቶ ዘመን፣ በዚያው ግራናይት የተሠራ ሌላ ፓጎዳ አለ፦ ዳቦታብ። ስሙ ለአማርኛ ጆሮ ምሳ ሰዓት ቢያስታውስም «ብዙ ሀብት» ማለት ነው። ደረጃው፣ አጥሩ፣ አበባው ተደራርቦ እንጨት ጠራቢ እንኳ የሚቀናበት ነው። እንግዲህ ጠራቢዎቹ ቀላሉንም ውስብስቡንም ይችሉ ነበር፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን አቆሙ። ድንጋይ ዋጋ ይተምናል፤ ዋጋውን ለመክፈል የሚወስነው ግን ሰው ነው። ኮሪያውያን ሶክጋታብን የቀላልነታቸው ምልክት አድርገው ሲያወድሱ፣ በአሥር ዎን ሳንቲማቸው ላይ የቀረጹት ዳቦታብን ነው።

አሁን ወደ ነጩ ማሰሮ። ጆሰን የኮንፊሽየስን ትምህርት የመንግሥት ሥርዓት ያደረገ ነበር፤ ነጭ ሸክላ የቤተ መንግሥትና የመሥዋዕት ዕቃ ሆነ። ከ1460ዎቹ ጀምሮ በግዋንግጁ የመንግሥት እቶኖች ተቋቋሙ፤ ማገዶ ሲያልቅ በየአሥር ዓመቱ ገደማ እየተነሡ፣ በ1752 አንድ ቦታ እስኪረጉ ድረስ። ሰማያዊውን ጌጥ የሚያወጣው ኮባልት ከውጭ የሚገባ ውድ ነገር ነው። ከ1592 እስከ 1598 የጃፓን ወረራ አገሪቱን አፈረሰ፤ ሸክላ ሠሪዎች ተማርከው ተወሰዱ፣ የጃፓን ፖርሴሊን ታሪክም ከነሱ ጋር ይጀምራል። ከዚያ በ1627 እና በ1636 የማንቹ ጦር መጣ። ካዝናው ባዶ ሲሆን ኮባልቱም ጠፋ፤ ሠሪው በብረት ቡናማ ቀለም ሣለ፣ ወይም እንዲያው ነጭ ተወው። የጨረቃ ማሰሮ የተወለደው ከዚህ ልማድ ነው፤ ከ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ እስከ 18ኛው አጋማሽ።

መንጋደዱስ? 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታና ያንኑ ያህል ስፋት ያለው ሆድ በአንድ ጊዜ በማሽከርከሪያ ላይ ቢወጣ ለስላሳው ጭቃ ይደረመሳል። ስለዚህ ሠሪው ሁለት ትልልቅ ሳህን ይሠራል፣ አንዱን በሌላው ላይ ደፍቶ ወገቡ ላይ ያጋጥማል። በእቶን ውስጥ ስፌቱ በገዛ ክብደቱ ይሰምጣል፤ የመጣው ቅርጽ ይመጣል። ሐዘን የለበትም። ያለ ዕቅድ የተሠራም አይደለም፤ ዕቅዱ ነው ስፌቱን ያመጣው። የሚደንቀው ሌላ ነው፤ የመንግሥት እቶን ተቆጣጣሪ የተንጋደደውን ሰባብሮ አለመጣሉ፣ በቃ ብሎ መቀበሉ። ስለ ኮሪያዊ ጣዕም የሚጻፍ ካለ ስለዚያ ተቆጣጣሪ ይጻፍ።

የማሰሮው ዝና ግን የኛ ዘመን ነው። እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ በርናርድ ሊች በ1935 ሴኡል ላይ አንዱን ገዛ፤ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይታያል። ሠዓሊው ኪም ህዋንኪ ማሰሮዎቹን ይሰበስብና ደጋግሞ ይሥላቸው ነበር። በ1975 ቶኪዮ ውስጥ አምስት ኮሪያውያን ሠዓሊዎች «አምስት ዓይነት ነጭ» በሚል መጠሪያ ሲቀርቡ፣ የያናጊ ነጭ ልብስ ዘመናዊ ሸራ ሆኖ ተመለሰ።

በዚያው በጆሰን ዘመን ግን ነጭ ብቻውን አልነበረም። ዓይናቸው የፈጠጠ ነብሮችና አስቂኝ አውሬዎች፣ መደርደሪያ ሙሉ መጻሕፍት፣ ቀይና ቢጫ የፈሰሰባቸው የሕዝብ ሥዕሎች በየቤቱ ይገኙ ነበር። ጆንግ ሶን (1676–1759) የቻይናን ምናባዊ ተራራ ትቶ የራሱን አገር ተራራ ሣለ፤ በ1751 የሣለው የኢንዋንግ ተራራ ገላጣ ግራናይት በእውነት ፈካ ያለ ነው፣ እሱ ግን ከዝናብ በኋላ በደማቅ ጥቁር ቀለም ደፈቀው። ኪም ጆንግሂ በ1844 በጄጁ ደሴት ግዞት ሆኖ አንዲት ጎጆና ጥቂት ዛፎች ብቻ በደረቅ ብሩሽ ሣለ፤ መጻሕፍት ለሚልክለት ለታማኝ ተማሪው ምስጋና። ያ ሥዕል በእርግጥ ያዘነ ነው። ያዘነው ግን አንድ ሰው ነው፣ ሕዝብ አይደለም።

ይህ ሁሉ ሀብት በሙዚየም መገኘቱ ራሱ በዕድልና በጽናት ነው። ባለጠጋው ጆን ህዮንግፒል በ1935 ሽመላ የተቀረጸበትን አንድ ሴላዶን ከጃፓናዊ ነጋዴ በ20,000 ዎን ገዛ፤ በ1938 የራሱን ሙዚየም አቆመ። በ1866 የፈረንሳይ መርከበኞች ከጋንግህዋ ደሴት የወሰዷቸው 297 የቤተ መንግሥት ሥርዓት ጥራዞች በ2011 ተመለሱ፤ ያውም በየአምስት ዓመቱ በሚታደስ ውሰት። በ1447 የተሣለው የአን ግዮን ዝነኛ የሕልም ሥዕል እስከ ዛሬ ጃፓን ነው። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ የብሔራዊ ሙዚየሙ ዕቃዎች በሳጥን ታሽገው ወደ ቡሳን ሸሹ። በ1951 የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በዚያች ወደብ ሲወርድ፣ ወታደሮቻችን ያላወቁት የአገሪቱ ጥንታዊ ሀብት በዚያው ከተማ መጋዘን ውስጥ ነበር።

ፍርዴ ይህ ነው፤ የኮ ዩሶብን ሐረጎች ለግጥም ትተን ልኬቶቹን እንውሰድ። ሴኡል የሚሄድ አንባቢ ብሔራዊ ሙዚየሙ ሲገባ መጀመሪያ የሺላን ወርቅ ይይ። ከዚያ የጨረቃ ማሰሮው ጋ ሲደርስ ፊት ለፊት ቆሞ አይመሰጥ፤ ወደ ጎን ዞር፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ ወገቡን ይመልከት። ስፌቱ ይታያል።